የወተት ግድግዳ

እቴነሽ የጌጤን ቤት መጀመሪያ ያየች ለታ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ነው የተቀመጠችው። ሽታው ያልታጠነ የወተት ቅል ሽታ ነበር፤ ያውም ተረስቶ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ቅል። ዞር ዞር ብላ ብታይ ቅል የለም። የሚታየው ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ከጣራው ሥር ጀምሮ እስከ መደቡ ድረስ እንደ ተላጠ በትር ነጭ ሆኗል። ዝንቡ ነጩ ላይ ተልባ የተበተነ ይመስላል።

«ደስ አይልም?» አለች ጌጤ።

«ደስ ይላል» አለች እቴነሽ በነጠላዋ ውስጥ ሆና።

እንዲህ ያለ ውሸት የእቴነሽ አመል አልነበረም። ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው መንደር እቴነሽን የማያውቅ የለም። ጠላው ቀጥኖ ከቀረበላት «ቀጥኗል» ትላለች። አልቃሿ ድምፅዋ ከሻከረ «ዛሬስ ሟቹን አስቀየምሽው» ትላለች። ያን ቀን ምላሷን የያዘችው የጌጤን ልጅ፣ ዘነበችን፣ ለልጇ ለአለሙ ስለፈለገቻት ነው። አለሙ አንድ ልጇ ነው፤ ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም የወለደችው አልበረከተላትም።

ነገሩ የተጀመረው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ነው። እቴነሽ ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟት ወርዳ ሳለ አንዲት ልጃገረድ አሮጊት አያቷን አዝላ ወደ ውሃው ስታገባና ስታወጣ አየች። አሮጊቷ ጭኗ ላይ ቁስል ነበረባት፤ የሚሸት ቁስል። ሊታጠብ የመጣው ሰው ሁሉ ፊቱን እያዞረ ራቅ ብሎ ሲቀመጥ ልጅቱ እጅጌዋን ሰብስባ ቁስሉን በእጇ ታጥባለች፣ እያጠበችም የሰፈር ወሬ እያወራች አያቷን ታስቃታለች። ሕመምተኛዋ አሮጊት እንዲያ ስትስቅ አይታ እቴነሽ ልቧ ቆረጠ። ይቺ ልጅ ቤቴ ካልገባች አለሙ ሚስት አያገባም አለች። የማን ልጅ እንደሆነች የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስትሰማም ቁርጥማቷ ባሰባት።

የጌጤ ባል በላይነህ ጋፋት ላይ ብረት ለሚያቀልጡት ፈረንጆች ከሰል የሚያከስሉት ሰዎች አለቃ ነበር። ሰውየው ዝምተኛ ነው፣ ክፋት የለበትም። ጌጤ ግን ባሏ ፈረንጅ አጠገብ ከዋለ ወዲህ በቤቷ ግድግዳ አብዳለች ይባል ነበር። ካቻምና የነብርና የጉሬዛ ቆዳ ወጠረችበት። ክረምት ሲገባ ቆዳው ረጥቦ ትል ጣለና ትሉ እንግዳ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። አምና ፈረንጆቹ ጠጥተው የጣሉትን ባዶ ጠርሙስ ለቅማ፣ አንገት አንገቱን በጠፍር አስራ፣ ከጣራው ላይ አንጠለጠለች። የሹማምንቱ ሚስቶችም ጌጤን እያዩ አንጠለጠሉ። ሰዉ ግንባሩን እየተመታ ነበር የሚገባው። ዘንድሮ ጠርሙሱ ወረደና ነጭ ግድግዳ መጣ።

«ያንቺ ቤት ጥቁር ነው አሉ» አለች ጌጤ። እቴነሽን በዕድሜ አትበልጣትም፤ ግን አንቺ ነው የምትላት።

«እሳት እናነዳለን እሜቴ፤ ጭስ አለው።»

«እኔም አነዳለሁ፤ ውጭ ማድቤት አሠርቼ ነው እንጂ። ሰው እስከ መቼ ጭስ ውስጥ ይኖራል? የፈረንጆቹን ግድግዳ ብታዪው እንደ እንቁላል ነው።»

ዘነበች ይህን ጊዜ ከጓዳ ጭራ ይዛ ወጣችና ዝንቡን እሽ አለችው። ዝንቡ ተነሥቶ እንግዳዋ ላይ አረፈ። ልጅቱ የእቴነሽን ፊት አየት አደረገችና ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተመለሰች። ያን ጊዜ እቴነሽ ልጅቱን ከበፊቱም አብልጣ ፈለገቻት።

«እንግዲህ ልንገርሽ» አለች ጌጤ። «አንድ የይፋግ ነጋዴ ለልጁ ጠይቆናል። ቤቱን ነጭ አድርጓል። እኔ ልጄን ጥላሸት ውስጥ አልዶላትም። በሁዳዴ አንዱን እሁድ ከመምሬ ጋር መጥተን ቤትሽን እናያለን። ነጭ ከሆነ የሠርጉን ቀን እንቆርጣለን። ካልሆነ ቅር እንዳይልሽ።»

እቴነሽ እጅ ነስታ ወጣች። መንገድ ላይ እስክትርቅ ጠብቃ ምራቋን ተፋች።

ባሏ ይርጋ የማረሻ እንጨት እየጠረበ ጠበቃት።

«ምን አለች?»

«ቤታችሁን እንደ እንቁላል አድርጉ አለች።»

ይርጋ መጥረቢያውን አስቀመጠ። «በውስጥ ነው በውጭ?»

«ምኑን?»

«እንቁላሉን። የውጩ ከሆነ ቀላል ነው። የውስጡ ከሆነ ግን ቢጫም አለበት።»

«አንቱ ይሳቁ። ልጅቱ ወደ ይፋግ ልትሄድብን ነው።»

እቴነሽ ገብታ ግድግዳዋን አየችው። ጥቁር ነው፤ ማን አይደለም አለ። ግን ያ ጥቁር እሷ የሠራችው ነው። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር በእግሯ ረግጣ፣ አቡክታ፣ መርጋ፣ ሲደርቅ ትኩስ እበት ለቅልቃ፣ በመዳፏ እያሸች አለስልሳዋለች። በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ታድሰዋለች። ጋሻና ኮርቻ በሚሰቀልበት ካስማ ዙሪያ በቀይ አፈር በጣቷ የሳበችው መስመር አለ፤ ጭስ ስለሸፈነው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ያ ግድግዳ ሲነኩት እጅ አያቆሽሽም፣ አይሸትም፣ ከላይም አይራገፍም። እበት አይሸትም ወይ የሚል ሰው ካለ እበት ደርቆ አያውቅም ማለት ነው።

«ግድግዳ ነው እንጂ ታቦት አይደለም» አላት ይርጋ ከኋላዋ መጥቶ። «ይቀባ። ልጅቱ ከገባች በኋላ መልሰሽ ታጠቁሪዋለሽ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ታኮርፈው ነበር። ነገር ግን እውነቱን ነው።

ቀቢውን የላከችው ጌጤ ራሷ ናት። ወርቁ የሚባል ሰው ነው፤ ጋፋት ላይ ለፈረንጆቹ ውሃ ይቀዳ የነበረ፣ ከራሱ የሚሰፋ የፈረንጅ ቆብ ጆሮው ድረስ አጥልቆ የሚሄድ። የደብረ ታቦርን ነጭ ግድግዳ ሁሉ የቀባው እሱ ነው። የመጣው በቅበላ ሳምንት ነበር፤ ሰው ጾሙ ሳይገባ ያለውን ወተትና ቅቤ እንቁላልም ለመጨረስ በሚጣደፍበት ሰሞን።

«የሳምንት ወተት ይቀመጥልኝ» አለ። «ቢረጋም ግድ የለም። እንቁላልም የተገኘውን ያህል። የቀረው አጥንት ነው።»

«የምን አጥንት?» አለች እቴነሽ።

«የሚነድ፣ የሚወቀጥ። አመዱ ነው ነጩ። ወተቱ ያጣብቀዋል፣ እንቁላሉ ያበራዋል።»

እቴነሽ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። «ፈረንጆቹ እንዲህ ሲያደርጉ አይተሃል?»

«ወተቱ በየማለዳው በማሰሮ ሲገባ አያለሁ። ሲወጣ አላየሁም።»

«ጠጥተውት ይሆናላ።»

«ያን ሁሉ?» ወርቁ ሳቀባት። «ጥቂት ሰዎች እኮ ናቸው። እንቁላሉም በመሶብ ይገባል፤ ከዚያ ግድግዳቸው እንደ እንቁላል ያበራል። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠየቃል?»

«አመዱስ አጥንት መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ቀምሼዋለሁ። አፌን ፈጀኝ። እንዲህ የሚፋጅ አጥንት ነው አልኩ።»

ይርጋ ይህን ሰምቶ ሊስቅ ሲል እቴነሽ በዓይኗ ያዘችው። የጎንደርን ግንብ አይቷል፤ ኖራ የሚባል ነጭ ድንጋይ እንዳለ ያውቃል፤ ግን ልጅቱ ትምጣ ብሎ ዝም አለ። እሷም ዝም አለች። እስከዚህ ድረስ ሦስቱም ጥፋተኞች ናቸው።

ወርቁ ከንጉሡ ጦር አሮጌ ሰፈር፣ ወታደር አርዶ በልቶ ከሄደበት ሜዳ፣ በስልቻ አጥንት አምጥቶ ደጇ ላይ ዘረገፈው። ሲነድ ሽታው መንደሩን አዳረሰ። ጎረቤት ሁሉ «ማን ጠጉሩ ተቃጠለ?» እያለ ወጣ። እቴነሽ አፏን ሸፍና በእንጨት ስትቆሰቁስ አንድ መንጋጋ ተንከባሎ ወጣ። የላይኛው መንጋጋ ነው፤ ፊት ለፊቱ ጥርስ አለው፤ ረጅም፣ ቢጫ ጥርስ። ጎንበስ ብላ አየችው። በሬ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም። ላምም የላትም፣ በግም የለውም።

«ይኼ የማን ነው?» አለችው።

ወርቁ ቆቡን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አየ። «የበሬ።»

«በሬ ከላይ ጥርስ አለው?»

«የትልቅ በሬ።»

«ይህ የበቅሎ ነው፤ ካልሆነም የአህያ። አንተ ሰው፣ ክርስቲያን ቤት ላይ የአህያ አጥንት ልትለስን ነው?»

«እሺ ይጣል። ሌላው የበሬ ነው።»

መንጋጋውን በእንጨት ገፍታ ገደል ጣለችው። የቀሩትን እያገላበጠች ለቀመቻቸው፤ ከበሬ በቀር ሌላ እንዳልቀረ እስክታምን ድረስ። ሙቀጫዋን ሲጠይቃት ግን አልሰጠችውም። «ድንጋይ ላይ ውቀጥ» አለችው። «እኔ ከዚያ ሙቀጫ በርበሬ አወጣለሁ።» ይህን እያለች የሌሎቹን ቤት አጥንት ማን እንደለቀመው አሰበች። ማንም ያየበት የለም። ወርቁ ብቻውን ነው የለቀመው።

ሲቀባ ላለማየት ወንዝ ወርዳ ዋለች። ማታ ስትመለስ ቤቱ ነጭ ሆኗል። እውነት ለመናገር ያን ማታ ያምር ነበር። በእሳቱ ብርሃን የአለሙ ፊት ከነጩ ፊት ለፊት ጎልቶ ታየ፤ ትልቅ ሰው መሰለ። ይርጋም መደቡ ላይ ተጋድሞ «አያስጠላም» አለ። እቴነሽ ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። ከዚያ በፊት በጥቁሩ ላይ የማይታየው ትኋን በነጩ ላይ እንደ ሠራዊት ተሰልፎ ሲወጣ እያየች ነበር። እንዲህ ብዙ መሆኑን እስከዚያች ቀን አታውቅም ነበር። ሌሊቱን በሙሉ ሰውነቷን አሳከካት።

ሁዳዴ ገባ። ሰው ወተቱን ረሳ፤ የእቴነሽ ግድግዳ ግን አልረሳም። ቀን ፀሐይ ጣራውን ሲያሞቀው ግድግዳው ይረጋል፣ ይኮመጥጣል፤ ሽታው ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ዝንቡ ከከብቶቹ በረት ለቆ ወደ ቤት ገባ። ነጩ ሲደርቅ እየተሰነጠቀ እንደ እከክ ይራገፍ ጀመር፤ ልብስ ላይ፣ ጠጉር ላይ፣ ሳይከደን ሲቀርም ወጥ ውስጥ። እቴነሽ የምትበላውን ይዛ ደጅ እየወጣች በላች። ቤቷ ውስጥ መብላት ቀፈፋት። በየቀኑ መጥረጊያ ይዛ ከመደቡ ላይ ቅርፊት ስትጠርግ «ለልጅቱ ነው፣ ለልጅቱ ነው» ትላለች፤ ብትልም ግን የሚያቅለሸልሻት አይቀርላትም።

ከሁሉ የባሰው የጎረቤት ድመት ናት። ጾሙ ከገባ ወዲህ የምትልሰው አጥታ ይሆናል፤ ከማለዳ ጀምራ እየመጣች የኋላ እግሯ ላይ ቆማ ግድግዳውን ትልሳለች። እቴነሽ በእንጨት ብታባርራት ዞራ በጓዳ በኩል ትገባለች። የላሰችው ቦታ ራሰ በራ ሆኖ የድሮው ጥቁር ይታያል።

የተባለው እሁድ ደረሰ። እቴነሽ ቤቱን በወይራ አጠነችው፤ ሽታው ከወይራው ጋር ተቀላቅሎ ባሰ። እንግዶቹ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ጌጤ ነጭ ለብሳለች፣ በላይነህ ከኋላዋ ነው፣ መምሬ ወልደጊዮርጊስ ደግሞ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት። መምሬ የጌጤ ቤት የነፍስ አባት ናቸው፤ እሁድ እሁድ የሚበሉትም እዚያው ነው።

ጌጤ በሩ ላይ ቆማ ዙሪያውን አየችና ራሷን ነቀነቀች። «አሁን ቤት ሆነ» አለች። የይርጋ ትከሻ ሲወርድ እቴነሽ አየች፤ እሷም ተነፈሰች። ቀኑ ሊቆረጥ ነው። ልጅቱ ልትመጣ ነው።

ገበታው ቀረበ፤ ሽሮ፣ ጎመን፣ ስልጆ። መምሬ ባረኩ። ሁሉም እጁን ሊዘረጋ ሲል ድመቲቱ በጓዳ በኩል ገብታ ከመምሬ ኋላ መደቡ ላይ ዘለለችና ቆማ ከራሳቸው በላይ ያለውን ግድግዳ ትልሰው ጀመር። ቅርፊቱ ተነሥቶ ሽሮው ላይ አረፈ። አልሰመጠም። እንደ ስብ ተንሳፈፈና ቀስ ብሎ ቀለጠ።

«ይቺ ድመት» አሉ መምሬ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው፣ «ግድግዳውን ምን ብላ ነው የምትልሰው?»

«ድመት ምን የማትልሰው አለ አባቴ» አለች ጌጤ ቶሎ ብላ። «ይብሉ ይልቅ፣ ሳይቀዘቅዝ።» እንዲህ ብላ እቴነሽን አየቻት። ዓይኗ «ከተናገርሽ ልጄን አታገኚም» የሚል ነበር፤ ሌላ አልነበረበትም።

መምሬ እንጀራውን ቆርሰው ሽሮው ላይ አጠቀሱ። ነጩ ቅባት ከእንጀራው ጋር ወጣ። እቴነሽ ያንን ጉርሻ አየችው። በሁዳዴ፣ በእሷ ቤት፣ በእሷ ወጥ፣ ቄስ ወተት ሊጎርስ ነው። ዝም ብትል ዘነበች ትመጣለች። ዝም ብትል ግን ያንን ጉርሻ በልጅቱ ፊት ላይ በየቀኑ ልታየው ነው። ጉርሻው ጢማቸው ጋ ሲደርስ እጇን ሰዳ የመምሬን እጅ ያዘች። ሴት የቄስን እጅ ከአፍ አስመልሳ አታውቅም፤ ይርጋ ዓይኑን ጨፈነ።

«አይጉረሱ መምሬ» አለች። «ወተት ነው።»

«ምኑ?»

«ግድግዳው። ወተትና እንቁላል ነው፣ የአጥንት አመድም አለበት። ድመቷ ጾም የላትም፣ ትላስ። እርስዎ ግን አይጉረሱ።»

መምሬ ጉርሻውን እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ገበታው ዳር አስቀመጡት፤ የሞተ አይጥ እንደሚያስቀምጥ ሰው። ከዚያ ቀና ብለው ጌጤን አዩ። «ያንቺ ቤት ግድግዳስ?»

«የእኔ በውሃ ነው የተቀባ» አለች ጌጤ።

«ቀቢው አንድ ነው እሜቴ» አለች እቴነሽ። «አንቱ ራስዎ ነዎት የላኩልኝ።»

«ቢሆንስ? የደረቀ ወተት ምን ወተት ነው? አንቺ ጥቁር ቤት ለምደሽ ነጭ ስታዪ ያምሻል።»

እቴነሽ እዚህ ላይ ብትተወው ምናልባት ነገሩ ይበርድ ነበር። ግን ተነክታለች። ግድግዳዋን አጥታለች፣ ሳምንታት ሙሉ በወተት ሽታ ታፍና ከርማለች፣ አሁን ደግሞ ያምሻል ተባለች።

«ወተቱስ ይሁን» አለች። «በእርስዎ ቤት አጥንቱን ማን ለቀመው?»

«ወርቁ ነዋ። እኔ አጥንት ልለቅም ነው?»

«እኔ ዘንድ ሲያነድ የበቅሎ መንጋጋ አግኝቼበታለሁ። በበሬ ስም ነው ያመጣው። እኔ ስላየሁት ጣልኩት። በእርስዎ ቤት ግን ያየ የለም። ያ በየቀኑ ከግድግዳዎ ላይ እየተራገፈ ወጥዎ ውስጥ የሚገባው ነጭ ምን እንደሆነ እንጃ። በሬም ሊሆን ይችላል። በቅሎም። አህያም።»

ጌጤ ገበታውን ገፋ አደረገች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተነሥታ ወጣች፤ ከደጅ የማስመለሷ ድምፅ ተሰማ። መምሬም ፊታቸው ተለዋወጠ። ከቅበላ ወዲህ እሁድ እሁድ የበሉት የት እንደሆነ እያሰቡ ነው። አንድ ጊዜ ምራቃቸውን ዋጡ፤ በመዋጣቸው እንደገና ዘገነናቸው።

በላይነህ ይህን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው። «እኔስ ሲሸተኝ ነበር የከረመ» አለ በዝግታ። «እግሬ መስሎኝ ነበር። በየማታው አስታጥብ ነበር።»

ይርጋ ሳል አስመስሎ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባለማወቅ የተበላ ባለማወቅ ነው» አሉ። «ሁላችንም እንሰግዳለን፣ እግዚአብሔር ይፍታን። ግድግዳው ግን ይፋቅ። ይህም ይፋቅ፣ ያኛውም ይፋቅ፣ ጸበል ይረጭበት። ሌሎቹንም ቤቶች እኔ ቀስ ብዬ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን ነገር ከዚህ ቤት የሚያወጣው ሰው ባይኖር መልካም ነው። ቄሱ በሁዳዴ ምን በላ ብለው እንዳይጫወቱብን።»

ጌጤ ፊቷን አብሳ ተመለሰች። አልተቀመጠችም። ስለ ሠርጉ ቀን የተናገረ የለም። በሩ ላይ ሆና ለባሏ «እንሂድ» አለች፤ ሄዱ። እቴነሽ ሽሮውን አንሥታ ገደል ደፋችው። ድመቲቱ ተከትላት ወረደች።

«ልጅቱ ይፋግ ገባች» አለች ለይርጋ። አለሙ ደጅ በሬዎቹ ዘንድ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል፤ እናቱን አየት አደረጋትና ወደ በረቱ ዞረ። ያ ዞር ማለቱ ከጌጤ «አንቺ» በላይ አቃጠላት። እሁድ ስለሆነ ግድግዳውን መንካት አትችልም። ቁጭ ብላ አየችው፤ የወተቱ ሽታ እንደ ሁልጊዜው ጉሮሮዋ ላይ ነበር።

ሰኞ ማለዳ የተሰበረ ማረሻ ይዛ መፋቅ ጀመረች። ከላይ ጀምራ ስትወርድ ነጩ ከሥሩ ካለው ጭቃዋ ጋር እየተቦጨቀ ይወርዳል። ያቺ በቀይ አፈር የሳበቻት መስመር ከቅርፊቱ ጋር ወረደች። እቴነሽ አላለቀሰችም፤ ግን በሙሉ ኃይሏ ፋቀች፤ ወርቁን፣ ጌጤን፣ ራሷንም አብራ እየፋቀች ይመስል። ጠጉሯ፣ ቅንድቧ፣ የአፏ ዳር ሁሉ ነጭ ሆኖ ሳለ ከደጅ ድምፅ ሰማች።

«ቤቶች?»

ዘነበች ናት። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፤ እንደ ሌባ ግራ ቀኝ እያየች ገባች።

«እናቴ ልካኝ ነው። የሚፍቁበትን ይዘው ይምጡ ብላለች። በጓሮ በኩል ይግቡ ብላለች።»

«ለምን?»

«ቤታችን ሊፋቅ ነው። አሽከሮቹን ከሰል ማክሰያው ሰደደቻቸው። ካዩ ያወራሉ አለች። ገረዶቹንም ወንዝ አወረደቻቸው።» ልጅቱ ፋታ ወሰደችና «ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሰችም» አለች። ሳቋን ልትይዝ ስትታገል ዓይኗ ላይ ይታያል።

እቴነሽ ማረሻውን ይዛ ተነሣች። ወዴት እንደምትሄድ ለይርጋ አልነገረችውም።

ጌጤ በጓሮ በር ከፈተችላት። ነጭ ልብሷ የለም፤ የገረድ ቀሚስ ለብሳ ራሷን በጨርቅ አስራለች። ሰላምታም አልሰጠች። «ከየት ይጀመራል?» አለች።

«ከላይ» አለች እቴነሽ።

ሁለቱ ፋቁ፤ ልጅቱ ቅርፊቱን እየሰበሰበች በስልቻ ታወጣለች። የጌጤ ግድግዳ ሁለት ጊዜ የተቀባ ነበርና ወፍራም ነው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል። አንድ ትልቅ ቁራጭ ሲወርድ ነጭ ትል ከውስጡ ተርመሰመሰ። ጌጤ እንደገና ደጅ ሮጠች። ስትመለስ እቴነሽ ውሃ በቅል ሰጠቻት።

«ተጉመጥመጪና ትፊው» አለቻት። አንቺ ማለቷ የታወቃት ካለች በኋላ ነው። ጌጤ አየቻት፤ ተጉመጠመጠችና ተፋችው።

ከቀትር በኋላ ጭቃ ረገጡ። ጌጤ ጭቃ ረግጣ አታውቅም ወይም ከረገጠች ቆይታለች፤ እግሯን አንሥታ ስታስቀምጥ ልክ ትኩስ አመድ እንደምትረግጥ ዶሮ ነው። እቴነሽ ከበረት ትኩስ እበት በእቅፏ አመጣች። ጌጤ አፍንጫዋን ልትይዝ እጇን አነሣችና እጇም እበት ሆኖ አገኘችው። «ይህ እኮ አይሸትም» አለች በመገረም። ከወተቱ በኋላ እውነትም አይሸትም ነበር።

ዘነበች እስከ ክንዷ እበት ሆና ግድግዳውን ስትለቀልቅ እቴነሽ ሳታስበው ቆማ አየቻት። መዳፏን ዘርግታ ከታች ወደ ላይ፣ እንደገና ከታች ወደ ላይ፣ ሳትቸኩል ታሻለች፤ እያሸችም የይፋጉ ነጋዴ አምና ሲመጣ ጠርሙሱ ግንባሩን እንዴት እንደመታው ለራሷ ታወራለች። እቴነሽ ዓይኗን ከልጅቱ ላይ ማንሣት አቃታት። ጌጤ ይህን አየች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«የይፋጉ ሰውዬ ቤትም ወርቁ ነው የቀባው» አለች። «ፍቁት ብል ለምን ሊለኝ ነው።»

እቴነሽ የፈሰሰ እበት ከመደቡ ላይ ጠረገች።

«ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ውሰጂያት» አለች ጌጤ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው ያለችው። «ሽማግሌ በደንብ ይምጣ። መምሬም ይምጡ።»

እቴነሽ መደቡን ይዛ ተቀመጠች። ዘነበች ሥራዋን አላቆመችም፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

«ይኸውልሽ» አለች ጌጤ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብላ እርጥቡን ግድግዳ አንገቷን አዘንብላ እያየች፣ «ይህ ሲደርቅ ባዶ ባዶ ይላል። ይፋግ ገበያ ቀይ ጨርቅ መጥቷል አሉ፣ ከባሕር ማዶ። ሹማምንቱ ከላይ እስከ ታች መስቀል ጀምረዋል አሉ። ቀለሙ በምን እንደሆነ እንጃ፤ አንዱ ከትል ነው ብሎኛል። ላንቺም ቤት ትንሽ ባመጣልሽ…»

እቴነሽ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ዘነበች አንድ እፍኝ እበት አምጥታ መዳፏ ላይ አደረገችላት።

«እናቴ» አለቻት፣ ያን ቃል ለእቴነሽ ስትል ይህ መጀመሪያዋ ነው፣ «ከጓዳው በር ጀርባ ያቺን ጥግ አልደረስንባትም። እርስዎ ያዳርሷት።»

እቴነሽ አፏን ዘጋች። ተነሥታ ወደ ጥጉ ሄደችና መለቅለቅ ጀመረች። ጌጤ ከኋላዋ ስለ ቀዩ ጨርቅ ታወራለች፤ ስፋቱን፣ እጥፋቱን፣ የማን ሚስት ስንት ክንድ እንደገዛች። እቴነሽ ከቀዩ ጨርቅ ላይ የሚንጠባጠብ ትል እያሰበች ከታች ወደ ላይ አሸች፣ ከታች ወደ ላይ።